ዳማ ተገኘች

ኬላችን የሚከፈተው በሰው ቃል ነው። ቁልፍ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ከታች፣ ከጨው መንገድ፣ አንድ ሰው በእግሩ ይመጣና መሬት ላይ ይቀመጣል። እኔም ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ያየውን ይነግረኛል፤ የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለኬላው ሹም አደርሳለሁ። ከዚያ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ቃል ተቀባይ ይሉኛል። ስሜ ሐዋ ይመር ነው፣ የባቲ ሰው ነኝ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ይስቃል። ሹፌር የሌላቸው መኪኖች ቤት የሚያህል ኮንቴይነር ተሸክመው ተሰልፈዋል፣ የሁለት አገር ንግድ ግን አንድ ሽማግሌ እግሩን አጥፎ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ያስቃል፣ አልክድም። የሐሰቱን ዓመት ያላየ ሰው ይሳቅ፣ አልፈርድበትም።

እኔ አይቼዋለሁ። ገና ኮረዳ ነበርኩ። የማዶው አገር ሚኒስትር በገዛ ፊቱ፣ በገዛ ድምፁ፣ በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ብቅ አለና «ወደቡን ዘግተናል፣ ድንበር ላይ ያለውን ወታደራችሁንም ጨርሰናል» አለ። ሰውየው እንዲህ አላለም ነበር። የእኛም ጄኔራል በገዛ ፊቱ መልስ ሰጠ። እሱም አላለም። ሁለቱም «በእናቴ፣ አላልኩም» ብለው ሲምሉ የሚያምናቸው ጠፋ፤ መሐላውም የመጣው በዚያው በስልኩ ነዋ። ወታደሮቹ ግን እውነተኛ ነበሩ። አባቴ ሹፌር ነበር፣ ያኔ መኪና ሹፌር ነበረው፣ እሱም በዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አገሮች ለመታረቅ እንኳ የሚተማመኑበት ነገር አጡ። ደብዳቤ ቢላክ ሐሰት ነው፣ ምስል ቢላክ ሐሰት ነው። መጨረሻ ላይ የተገኘው ከአስፋልቱም ከባቡሩም በፊት የነበረው ነገር ነው። በዚያ መንገድ ሲራራ ነጋዴ ከባቲ ወደ ጨው ሲወርድ፣ ግመሉ አሞሌ ጭኖ ሲወጣ፣ የአፋር ሰው ዳጉ ነበረው። እዚያ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ፣ ያዩትን ይነጋገራሉ። በዳጉ አይዋሽም። አንዴ የዋሸ ሰው እስኪሞት አብሮት የሚቀመጥ አያገኝም፤ አብሮት የሚቀመጥ የሌለው ሰው ደግሞ በዚያ አገር ውሃው የት እንዳለ አያውቅም። አፋር ከዚህም ከማዶም ነው፤ አጎቱ ወዲያ፣ አማቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ «ኬላው በዳጉ ይከፈታል» ተብሎ ተጻፈ። ትልልቆቹ ሰዎች ሲፈራረሙ ራሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል ይባላል። ሱሪያቸው እንዴት እንደሆነ አልሰማሁም።

እኛ ቤት ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። የአያቴ አያት አያ ሙሄ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረቻቸው። አንድ ጊዜ ቆላ ላይ ጠፋችባቸው፤ ፈልገው ፈልገው ተስፋ ቆረጡና ባቲ ተመለሱ። ከስንት ወር በኋላ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ አይተውት የማያውቁት አፋር «ሙሄ ማነው?» እያለ መጣ። «ዳማ ተገኘች» አላቸው። «ጆሮዋ የተሰነጠቀው በቅሎ። ከባህሩ አፍ ላይ፣ ከሰው ግመሎች ጋር ውሃ ትጠጣለች።» ወሬው ካፍ ካፍ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የመጣ ነው። አያ ሙሄ ሄዱ፣ ዳማንም ይዘው ተመለሱ። እኛ ልጆች ሆነን ይህን ሳንሰማ ያደርንበት ቀን ትንሽ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሁሉም ቤት የራሱ ቃል አለው። በስልክ የመጣ ድምፅ የእናትም ቢሆን ቃሉን ካልተናገረ አይታመንም። ልጅ «እማ፣ ታመምኩ» ብሎ ቢደውል «ቃሉን በል» ነው መልሱ። የቤት ቃል የሚሰጠው ፊት ለፊት ነው፣ ስልኩ ሁሉ እንስራ ውስጥ ተከቶ፣ እንስራው ደጅ ወጥቶ። በየዓመቱም ይለወጣል፤ የማሽን ጆሮ ይለቅመዋላ። ያለፈ ዓመት ቃል የሞተ ቃል ነው። «አሮጌ ቃል ከሰማህ ዝጋ፣ ሰው አይደለም» ብለው ልጆች ትምህርት ቤት ይዘምሩታል። እኛ ቤት የምንለውጠው በዓረፋ፣ ሥጋው እየበሰለ ነው። አንድ ዓመት «ዳማ ተገኘች» የሚለውን የመረጠችው ልጄ ረውዳ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ለዓረፋ አልመጣችም፤ ወደቡ አልለቀቃትም። አዲሱን ቃል ሳትሰማ ቀረች። በሰው ልልክላት አልችልም፣ በሰው የተላከ ቃል ቃል አይባልም። ስትመጣ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት፤ እስከዚያ ወሬያችን በመንገደኛ አፍ ብቻ ሆነ።

ረውዳ አንድ ልጄ ናት። አባቷ እንድሪስ ጡት ሳትተው ነው የሞተው። ወደቡ ላይ የክሬኖቹን ዓይን ከጨው ትወለውላለች፤ ጨው ሲጋግርባቸው ዕቃውን ከሰው መለየት ያቅታቸዋል አሉ። ቀልደኛ ናት። እኔን «እማ ኬላ» ትለኛለች። «እማ ኬላ፣ ዛሬ ለማን ከፈትሽ?» ትለኝ ነበር በስልክ፣ ቃሉን ካለች በኋላ። ኮንትራቷ አልቆ፣ ሌላ ዓረፋ ሳይደርስ፣ አንድ ሐሙስ በተመላሾቹ አውቶቡስ ጠቅልላ ልትመጣ ነበር።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ከአቶ ጥላዬ፣ ከኬላው ሹም ጋር መዳፍ ለመዳፍ ገጠምን፤ ራሳችን መሆናችንን የምናረጋግጠው እንዲህ ነው።

«ትናንት ምሳ ላይ ምን አልኩዎ?» አልኩት።

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል አሉ። እኔስ ምን አልኩ?»

«ጨው አገር ተቀምጠው ጨው በዛ አይበሉ አሉኝ።»

«ነዎት» አለኝ።

«ነዎት» አልኩት፣ ወደየቦታችን ሄድን። ኬላው ላይ ምስል የሚያሳይ ነገር የለም፣ ስልክም አይገባም። ሰዓቱን የምናውቀው በሩ ላይ በተተከለው ምሰሶ ጥላ ነው።

ጥላው ሳያጥር ኡትባን መጣ። አያ ኡትባን እጁ ከምርኩዙ የማይለይ፣ የውሃ ስልቻ በጀርባው ያዘለ፣ ደረቅ ያለ ሽማግሌ ነው። ከባሌ ጋር ከኖርኩት ዘመን ከእሱ ፊት ለፊት የተቀመጥኩት ይበልጣል። ዳጉ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ ሣሩ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ መንገዱ። ሰው መጨረሻ ነው። የራስን ዘመድ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው። የራስህን ካስቀደምክ የሌላውን ጎሮሮ ላይ ታስቀረዋለህ ይላሉ።

ዝናብ አልጣለም አለ። «ሰማሁ» አልኩ። ሣሩ ከላይ ብቻ ነው አለ። ግመሎቹ ደህና ናቸው። መንገዱ ሰላም ነው።

«ሰውስ?»

«ወደቡ፣ የሠራተኞቹ ሰፈር፣ ትኩሳት ገብቷል።»

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«አየሁ። ሬሳ ሳይታጠብ ሲቀበር አየሁ። ቀባሪዎቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል። ሰፈሩን በሽቦ አጥረውታል።»

«ከአጥሩ ውጭስ?»

«ከአጥሩ ውጭ አላየሁም።»

ረውዳ የምታድረው ከክሬኖቹ ሥር ነው፣ ከሰፈሩ ውጭ። ይህን አውቃለሁ። አውቶቡሱም በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ቃል ለአቶ ጥላዬ ከነገርኩት ኬላው ይዘጋል። ውሃ ልጠጣ ብዬ፣ ወገቤን አመመኝ ብዬ፣ ጥላው ትንሽ እስኪያልፍ ብቆይ አውቶቡሱ ይገባ ነበር። አንጀቴ ቆዪ አለኝ። ኡትባን ፊቴን አየው።

«ቃሉ አንቺ ጋ አይዋል፣ ሐዋ» አለኝ። ልጄ መንገድ ላይ መሆኗን አያውቅም፤ የራሴን አልነገርኩትም።

ሄጄ ነገርኩ። ከሰማዩ ጀመርኩ፣ በትኩሳቱ ጨረስኩ። አቶ ጥላዬ የረውዳን መምጣት ያውቃል፣ ሳምንቱን ሙሉ ስደሰኩርለት ነበር የከረምኩት።

«ሁሉንም ነው የነገሩኝ?»

«ሁሉንም።»

«የቀረ የለም?»

«የለም አልኩዎ እኮ።»

ለሌላ ሰው አላዘዘም፣ ራሱ ሄዶ መንገዱን የሚዘጋውን ግንድ አወረደው። አውቶቡሱ የማዶውን ኬላ አልፎ ነበር። እነሱ የወጣ አይመለስም ይላሉ፣ እኛ ካልተከፈተ አይገባም እንላለን። መሃል ላይ፣ ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ፣ የማንም ያልሆነ የጨው ሜዳ አለ። አውቶቡሱ እዚያ ቆመ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን ያመጣው ሰው በሁለት ኬላ መሃል ቆሞ አያውቅም።

በማግስቱ የመኪኖቹ መንገድ ተከፈተ። ሸቀጥ ትኩሳት አይዘውም፤ ይታጠባል፣ ያልፋል። ሰው የሌለበት መኪና ምንም አያመጣም ተባለ፣ ትክክልም ነው። የሚወጣው ማዳበሪያና መድኃኒት ነው። የሚወርደው ውሃ ነው፤ የወደቡ ሰው የሚጠጣው የእኛን ውሃ ነው። ቦቴዎቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሞልተው በጥቁሩ ኮረብታ ዞረው ይወርዳሉ፣ ባዷቸውን ይወጣሉ። ቦቴ በመንገድ አይቆምም፤ ያለ ሹፌር ሲሠሩት ቁም የሚለውን የሚሰማበት ጆሮ አላበጁለትም።

የሁለቱም አገር ስልኮች ያንን አውቶቡስ ያሳዩ ጀመር። በማዶው ስልክ ተሳፋሪዎቹ ወደቡ ተመልሰው ጭማቂ እየጠጡ ይስቃሉ። በእኛው ስልክ አውቶቡሱ ሬሳ ሞልቶታል። ሁለቱንም ያመነ ሰው አላየሁም፤ ሰው ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ከኬላው ወረድ ብሎ ባለው መንደር ከድጃ የምትባል ሴት የስልክ ቤት አላት። ከሰዓት በኋላ ራሷ እየሮጠች መጣች።

«ሐዋ፣ ረውዳ ነኝ የምትል ትፈልግሻለች» አለችኝ። እንዲህ ነው የሚባለው፣ ነኝ የምትል።

ሄድኩ። የልጄ ፊት ነው። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ከባቲ የገዛሁላትን ቢጫ ሻርፕ ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማለች። ከኋላዋ ነጭ ሜዳ ይታያል።

«እማ» አለች።

«ቃሉን በይ።»

«ዳማ ተገኘች።»

የሞተው ቃል ነው። ሌላ ቃል ልታውቅ አትችልም፣ አልሰጠኋትማ። ማሽንም ሌላ ቃል ሊያውቅ አይችልም። የእኔ ልጅ ብትሆንም ባትሆንም የምትለው ይህንኑ ነው።

«እማ፣ ሰማሽኝ? ዳማ ተገኘች። እኔ ነኝ። ውሃ አልቆብናል። እዚህ የታመመ ሰው የለም፣ ወላሂ አንድም የለም። ለጋሽ ጥላዬ ንገሪያቸው፣ ኬላውን ይክፈቱልን።»

ይቺን ባትላት ኖሮ። ወደ እኔ የመጣ ሐሰተኛ ድምፅ ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ኬላውን ክፈቺ። የሞተው አባቴ በድምፁ መጥቶ ለምኖኛል። አንዴ ረውዳ ራሷ ታገትኩ እያለች በእንባ መጥታብኛለች፣ እውነተኛዋ ረውዳ ባቲ አጠገቤ ተኝታ እያንኮራፋች። ያን ቀን ቀስቅሼ አሳየኋት፣ የራሷን ለቅሶ አይታ «እማ፣ እኔ ስጮህ እንዲህ ነው የማስጠላው?» ብላ ሳቀች።

«ጓሯችን ውስጥ ምን አለ?» አልኳት።

«ቁልቋል። የመሐመድ ፍየል የበላችው።»

ይህንን በስልክ ስንት ጊዜ አውርተነዋል። የአባቷን ስም፣ የጠባሳዋን ቦታ፣ የምትወደውን ወጥ፣ ሁሉንም በስልክ አውርተነዋል። ስለ እኔ የምታውቀውን ሁሉ ማሽኑም ያውቀዋል።

«እማ ኬላ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «በአላህ።»

ዘጋሁት።

ከድጃ አጠገቤ ቆማ ነበር። «እሷ ትሆን?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«ፊቷ እኮ...»

«ፊት ምን ያደርጋል፣ ከድጃ።»

መልሳ አልደወለችም። ባትሪዋ ይሁን፣ ማሽኑ ሰልችቶት ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እጄ ላይ የስልኩ ሙቀት ነበር። ቀጥ ብዬ ወደ አቶ ጥላዬ ሄድኩና ኮረብታውን ልሻገር አልኩት።

«ካለፉ አንዴ አለፉ» አለኝ። «እዚያው ይቀራሉ።»

«ልቅር።»

«ወይዘሮ ሐዋ፣ ይቀመጡ። እርስዎ ከሄዱ ኡትባን ሲመጣ ማን ይቀመጥለታል? ሌላ ተቀባይ ከላይ እስኪላክ ወር ነው። ያለ እርስዎ ይህን ግንድ የሚያነሳው የለም። እኔም አላነሳውም፣ የልጄ ነፍስ ቢሆንም አላነሳውም፣ ያውቁኛል።»

አውቀዋለሁ። እውነቱንም ነው። ልጄን ሊያወጣ የሚችለው እኔ ከቦታዬ ያለመነሳቴ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ለአገር ሁሉ ሲሰማ ኖሮ ለእኔ የሚሆን ወሬ አጣ። ተቀመጥኩ። ያቺን ጥላ ስታጥርና ስትረዝም እያየሁ፣ ቦቴዎቹ ሲያልፉ የሚንቦጫረቀውን ውሃ እየሰማሁ ተቀመጥኩ። ምግብ ያመጡልኛል፣ ያነሱታል። ያ ረቢ፣ አንድ እግረኛ ላክልኝ እያልኩ ነበር።

ኡትባን የመጣው በእግር መንገዱ፣ በኮረብታው በኩል ነው። ስልቻው ባዶ ነበር፣ ተጣብቆ ነበር። ከወትሮው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ሰማዩ?» አልኩት።

«ደመና የለም።»

«ሰማሁ። ሣሩ?»

«ያው ነው።»

«ሰማሁ። ከብቱ?»

«አንዲት ግመል ወልዳለች፣ ሴት ናት። ደህና ናቸው።»

ልጄስ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጥርሴን ነከስኩ። ካስቀደምኳት ይህ ዳጉ የተበላሸ ዳጉ ነው፤ አቶ ጥላዬ ይጠይቀኛል፣ እኔም አልዋሽም፣ ኬላው አይከፈትም። ስለዚህ ውሃውን ጠየቅሁ። ጉድጓዱ አለ አለኝ። መንገዱን ጠየቅሁ። ቦቴዎች ብቻ ናቸው አለኝ።

«ሰውስ?»

ምርኩዙን መሬት ላይ አጋደመው። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«በሁለቱ ኬላ መሃል አውቶቡስ አለ። አየሁት። የታመመ የለበትም።»

«በምን አወቅህ?»

«ግንባራቸውን ነካሁ። የሁሉንም። ካልነካሁ አየሁ አልልም። ትኩሳት የለም፤ ጥማት ነው። የነበረኝን ውሃ ሰጠኋቸው፣ ለልጆቹ እንኳ አልበቃም። ቦቴው ሲያልፍ ፊቱ ቆመው ይጮኻሉ። ዞሯቸው ይሄዳል። አንድ ሰው ፊቱ ተኛ፣ በእሱም ዞሮ ሄደ።»

«ሰማሁ።»

«የሞቱ አሉ።»

ዳጉ የሞተን በስሙ ይጠራል። በአባቱ ስም፣ ባገሩ። ኡትባን አንድ በአንድ ጠራቸው፣ እኔ እያንዳንዱን ደገምኩ። የኮምቦልቻ ሰው ነበረበት። ከሎግያ አንዲት እናት ነበረችበት። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ማን መሆኗን እዚያው አውቋል።

«ረውዳ እንድሪስ። ከባቲ።»

«ረውዳ እንድሪስ» አልኩ። «ከባቲ። አየህ ወይስ ሰማህ?»

«አየሁ። እጄ ላይ ናት የሞተችው። ውሃ ስለሌለ በአሸዋ ተየሙም አደረግንላት። በራሷ ቢጫ ሻርፕ ፊቷን ሸፈንናት። ሶላት ሰገድንባት። መሬቱ ጨው ነው፣ ቆፍረን አስተኛናት።»

ሰማሁ ማለት አለብኝ። ሰማሁ አልኩ።

«ከመሞቷ በፊት ተቀምጠን ዳጉ ተለዋወጥን» አለ። «የምትለውን ሁሉ ሰማሁ። እናቴ ጋ ደወልኩ አለች። ቃላችንን ነገርኳት፣ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፣ ኔትዎርኩ ነው አለች። እናቴ ሰምታኛለች፣ ኬላውን ታስከፍታለች እያለች ነበር። ለሌሎቹም ይህንኑ ትነግራቸው ነበር። እናቴ ናት ተቀባይዋ፣ አይዟችሁ ትላቸው ነበር።»

መሬቱን ይዤ ነበር። ጠጠሩ መዳፌን ወግቶኛል፣ ያኔ አላወቅሁም።

ዳጉ አንድ ወገን ብቻ ተናግሮ አያበቃም። የሰጠ ይቀበላል። ኡትባንም እንደ ደንቡ ጠየቀኝ። እንዳይጠይቀኝ ፈልጌ ነበር፣ እሱም እንዳልወደደው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ግን ጠየቀኝ።

«አንቺስ፣ ሐዋ? ምን አለ?»

«ዝናብ የለም» አልኩ። «ሣር የለም። መኪኖቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ልጄ ደወለች። የነገረችኝ ያለፈ ዓመት ቃል ነው። ስልኩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

«በእጄ ነው ያደረግኩት።»

«ሰማሁ» አለ ኡትባን።

ይህም ወሬ ነውና ይሄዳል። ከዚህ እስከ ባህሩ አፍ ድረስ ሰው ከሰው ሲቀመጥ ከዝናቡና ከግመሏ በኋላ ይነገራል። በአውቶቡሱ የነበሩትም ይሰሙታል። ምርኩዙን አንስቶ ቆመና፣ በዳጉ ላይ የማይደረግ ነገር አደረገ፤ እጁን ዘርግቶ ብድግ አደረገኝ።

አቶ ጥላዬ ጋ ቆሜ ነገርኩት። ከሰማዩ ጀመርኩ። ሣሩን፣ ከብቱን፣ የተወለደችውን ግመል ነገርኩት። የሟቾቹን ስም ስጠራ የመጨረሻው ላይ ስደርስ «ይበቃል፣ ወይዘሮ ሐዋ፣ ይበቃል» አለኝ።

«አልጨረስኩም» አልኩት። ጨረስኩ። «በአውቶቡሱ ላይ የታመመ የለም፣ ኡትባን በእጁ ነክቶ አይቷል» አልኩ።

ግንዱን ራሱ አነሳው። አውቶቡሱ ገባ፣ ሰዎቹ ወረዱ፣ ውሃ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ወደ እኔ መጥተው እጄን ሳሙኝ። የረውዳ እናት ነዎት አይደል አሉኝ፣ እንዳለችን አስከፈቱልን አሉኝ። ወሬው ገና አልደረሳቸውም ነበር።

ለዓረፋ ባቲ ወጣሁ፣ ወንድሜ ይማም ቤት። ስልኮቹ እንስራ ውስጥ ገቡ፣ እንስራው ደጅ ወጣ፣ ሥጋው እየበሰለ ነው። የዘንድሮው ቃል ምን ይሁን ተባለ፣ ሁሉም እኔን አየ።

«ዳማ ተገኘች» አልኩ።

«እሱ እኮ የሞተ ቃል ነው፣ እትዬ» አለኝ ይማም፣ በጣም በቀስታ። «ማሽኑ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ሊጠራሽ ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ያታልሉሻል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ቃሉን ተቀበሉኝ። ያን ዓመት ከቤታችን ሰው ስልክ ላይ ማንም ማንንም አላመነም፤ የሚነጋገሩ ከሆነ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በእኔ ምክንያት ነው፣ አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

አሁንም ኬላው ላይ ነኝ። ኡትባን ይመጣል፣ እንቀመጣለን። አልፎ አልፎ ደግሞ ከድጃ ትመጣና «ረውዳ ነኝ የምትል ትፈልግሻለች» ትለኛለች። እሄዳለሁ። ቢጫውን ሻርፕ አድርጋለች፣ ከንፈሯ ግን ድኗል።

«እማ ኬላ» ትለኛለች። «ዳማ ተገኘች።»

ከዚያ ኬላውን አስከፍቺ ትለኛለች። አላስከፍትም። ዛሬም ሰማዩን ሳልጠይቅ ያስከፈትኩበት ቀን የለም። ግን አልዘጋባትም። ትለምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ስለ ቁልቋሉና ስለ መሐመድ ፍየል ታወራልኛለች፣ እኔ እሰማታለሁ። እንደማልከፍት ስታውቅ መሃል ላይ ትታኝ ትሄዳለች። ሁልጊዜ ቀድማ የምትዘጋው እሷ ናት።